በእንቁላል ውስጥ የተሰነቀ መልእክት

አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ሕፃኑን አየት አድርጎ “ዓይኑ ቁርጥ የአባቱ፣ ግንባሩ የእናቱ” ማለቱ አይቀርም። በትምህርት ቤት የተማርነው ባዮሎጂም ይህንኑ ያጸናልናል፤ ከእናት ግማሽ፣ ከአባት ግማሽ። ስለ ዲኤንኤ ከሆነ የምናወራው ሒሳቡ ትክክል ነው። “የአዲሱን ሕይወት የመጀመሪያ ሰዓታት የሚመራው ማን ነው?” ብለን ከጠየቅን ግን እኩሌታው ይፈርሳል። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ጥርት ያለ ማስረጃ የተገኘው ከነፍሳት እንቁላል ነው። በበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበዋ ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል በፅንሱ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ በሙሉ ለማለት ይቻላል የሚሠራው እናቲቱ አስቀድማ ባሰናዳችው ነገር ነው። የፅንሱ የራሱ ጂኖች፣ ከአባቱ ያገኛቸውም ሆኑ ከእናቱ የደረሱት፣ በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ዝም ብለዋል። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ከዚህም አንድ እርምጃ ያለፈ ነው። እናት ለልጇ የምታወርሰው የጂን ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ መልእክቶችን በቦታ በቦታቸው አስቀምጣም ታወርሳለች። ለመልእክቱ ትርጉም የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ነገሩን በመሥሪያ ቤት ልማድ ማስረዳት ይቀላል። ዋናው ሰነድ ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ወደ ሥራ ክፍሎች የሚሄደው ግልባጩ ነው። በሕዋስ ውስጥም ዲኤንኤ ከኒውክሊየሱ አይወጣም። አንድ ጂን ሲሠራ የሚወጣው ግልባጩ ነው፤ በኮቪድ ክትባት ጊዜ ስሙን የለመድነው ኤምአርኤንኤ ማለት ነው። የሕዋሱ ሠራተኞች ያንን ግልባጭ አንብበው ፕሮቲን ይሠራሉ። የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላል በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ሲሰናዳ አንድ ሕዋስ አራት ጊዜ ተከፋፍሎ 16 ይሆናል። አንዱ እንቁላል ለመሆን ይመረጣል፤ 15ቱ ሞግዚቶች ይሆናሉ። ሞግዚቶቹ በቀጫጭን መተላለፊያዎች ከእንቁላሉ ጋር ተያይዘው የጂኖቻቸውን ግልባጭ ያለማቋረጥ ያመርታሉ፤ ወደ እንቁላሉም ይልካሉ። በመጨረሻ የቀራቸውን ሁሉ አፍስሰውለት ይሞታሉ። ዝንቧ ካሏት ጂኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግልባጫቸው በዚህ መንገድ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። አስኳሉ የምግብ ስንቅ ነው፤ ግልባጮቹ ደግሞ የመልእክት ስንቅ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚሰነቀው የአባት ዘር ገና ሳይደርስ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በፍጥነቱ ያስደንቃል። ግማሽ ሚሊ ሜትር በምትሆነው እንቁላል ውስጥ ኒውክሊየሱ መጀመሪያ ላይ በየስምንት በየዘጠኝ ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል፤ በአጠቃላይ 13 ዙር ተከፋፍሎ ወደ 6,000 ገደማ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ በመካከላቸው የሕዋስ ሽፋን የለም፤ ሁሉም በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንደተሰበሰቡ ናቸው። በዚህ ጥድፊያ መካከል ጂን ለመገልበጥ ፋታ ስለማይገኝ የእናት ግልባጮች ግዴታ ይሆናሉ። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ርክክቡ ይጀመራል። ዜልዳ የተባለው ጂን ግልባጭ ከእናት የመጣ ሲሆን፣ ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን የፅንሱን የራሱን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ስማውግ የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ ዘመናቸው ያለፈባቸውን የእናት ግልባጮች እንዲወገዱ ያደርጋል፤ እሱም የሚሠራው እናት ከላከችው ግልባጭ ነው። እናት ሥራውን ለልጁ የሚያስረክብ ብቻ ሳይሆን የገዛ መልእክቶቿን የሚያነሳ ሠራተኛም አብራ ሰንቃለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ርክክብ መኖሩ ስንቁ በአጋጣሚ የቀረ ትርፍራፊ አለመሆኑን በራሱ ይመሰክራል።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በአብዛኛው ስንቁ ሲጎድል የሚሆነውን በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ክርስቲያነ ኒውስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ ጀርመን ሃይደልበርግ ውስጥ የዝንብ እጭ አካል የሚከፋፈልባቸውን ጂኖች ለይተው አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከኤድዋርድ ሉዊስ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኙበት የምርምር ጎዳና ይህ ነው። ኒውስላይን-ፎልሃርድ ከዚያ በኋላ ወደ ቱቢንገን ሄዳ ፊቷን ወደ እናት ጂኖች አዞረች፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሥራ ባልደረባዋ ከሃንስ ጌዮርግ ፍሮንሆፈር ጋር ቢኮይድ ስለተባለው ጂን አሳተመች። የዚህ ጂን ውርስ ለጀማሪ እንቆቅልሽ ይመስላል። ሁለቱም የቢኮይድ ቅጂዎቿ የተበላሹባት ሴት ዝንብ ራሷ ጤነኛ ናት፤ ትበራለች፣ ትበላለች፣ ትጋባለች። እሷ ስትጸነስ እናቷ አንድ ደህና ቅጂ ስለነበራት ስንቁ አልጎደለባትም። ከእሷ እንቁላል የሚወጣው ፅንስ ግን ጭንቅላትም ደረትም የለውም፤ ጭንቅላት በሚገኝበት ጫፍ የጭራ ክፍል ይበቅላል። አባትየው የቱንም ያህል ጤነኛ ጂን ይዞ ቢመጣ ፅንሱን አያድነውም። በተቃራኒው፣ ፅንሱ ሁለቱም ቅጂዎቹ የተበላሹ ቢሆኑ እንኳ እናቱ አንድ ደህና ቅጂ ካላት ጭንቅላቱ ይበቅላል። እንግዲህ የልጁን ጭንቅላት መኖር አለመኖር የሚወስነው የእናቱ ጂን እንጂ የልጁ አይደለም።

ቀጥሎ የተደረገው ሙከራ ቦታ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ከጤነኛ እንቁላል የፊት ጫፍ በቀጭን መርፌ ጥቂት ፈሳሽ ቀድተው ስንቁ በጎደለበት እንቁላል የፊት ጫፍ ላይ ሲወጉት ፅንሱ ጭንቅላት አበቀለ። ያንኑ ፈሳሽ መሐል ላይ ሲወጉት የጭንቅላት አካላት መሐል ላይ በቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ የቢኮይድ ግልባጭ በእንቁላሉ የፊት ጫፍ ተሰብስቦ እንደሚገኝ ታየ፤ ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን እንደ እጣን ሽታ ከምንጩ እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ ወደ ኋላ ይዘረጋል። በአዳራሹ ውስጥ ያሉት ኒውክሊየሶች በደረሳቸው መጠን ልክ ማንነታቸውን ይለያሉ፤ ብዙ የደረሰው ወደ ጭንቅላት፣ መጠነኛ የደረሰው ወደ ደረት ያመራል። በኋለኛው ጫፍ በኩል ናኖስ የተባለው ሌላ የእናት ግልባጭ ተቀምጦ የሆድን ክፍል ያስጠብቃል። የእናትን የቢኮይድ ቅጂ ቁጥር ብንጨምር የጭንቅላቱ ወሰን ወደ ኋላ ይገፋል። ፅንሱ ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀበል ብቻ አይደለም። የጭንቅላቱ ክፍል ያለ ልክ ሲሰፋ ከመጠን ያለፉት ሕዋሳት በኋላ እንዲሞቱ በማድረግ ራሱን ያስተካክላል፤ ከእነዚህ ፅንሶች ብዙዎቹም ለአቅመ ዝንብ ይደርሳሉ። ይህ የእናትን ድርሻ አያሳንሰውም፤ ድርሻዋ ዋና ዋናዎቹን ወሰኖች መቸከል መሆኑን ግን በልኩ ያሳየናል።

እዚህ ላይ ቀደም ብለው የተደከሙ ሥራዎችን ማንሳት ፍትሐዊ ነው፤ የዚህ ታሪክ ክብር ለዝንብ ብቻ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይታያል። ጀርመናዊው ክላውስ ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሥራ፣ የሣር ጭማቂ እየመጠጠች የምትኖር የአንዲት ትንሽ ነፍሳት እንቁላል በክር በማነቅና የኋለኛውን ጫፍ ይዘት ወደ ፊት በመግፋት፣ ከሁለቱ ጫፎች የሚነሳ ነገር የአካልን ቅደም ተከተል እንደሚወስን አስረድቶ ነበር። ከዚያ የባሰ የሚያስገርመው ስሚቲያ በምትባል፣ ትንኝ በምትመስል ግን በማትናከስ ዝንብ ላይ የተገኘው ነው። የዚህች ዝንብ እንቁላል በፊት ጫፉ በኩል በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታ ጭንቅላት የሌለው፣ በሁለቱም ጫፍ ሆድ ብቻ የሆነ ፅንስ ይወጣል። ክላውስ ካልትሆፍና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንኑ ውጤት ያለ ጨረር አገኙት፤ አርኤንኤን፣ ማለትም ግልባጮቹ የተሠሩበትን ነገር፣ በሚበላ ኢንዛይም ውስጥ የፊት ጫፉን መብሳት በቂ ሆነ። ቢኮይድ ከመታወቁ ከአሥር ዓመት በፊት፣ የጭንቅላት መልእክት በአርኤንኤ እንደሚሸከምና ከፊት ጫፍ እንደሚቀመጥ መረጃው እጃቸው ላይ ነበር። የጎደለው የመልእክተኛው ስም ብቻ ነበር፤ እሱም ሲገኝ ፈጽሞ ያልታሰበ ሆነ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ እንዲህ ቢል ተገቢ ነው፦ “ግልባጩ የተቀዳው ከእናት ጂን ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ተመልሶ ጂን ነው፤ አዲስ ነገር ምኑ ላይ ነው?” ግማሹን እቀበላለሁ። ግልባጩ የት መቀመጥ እንዳለበት የሚገልጸው አድራሻ ራሱ በግልባጩ ጅራት ላይ፣ ፕሮቲን በማይሠራው ክፍል ተጽፏል። ይሁን እንጂ አድራሻ መንገድ ከሌለ አያደርስም። መልእክቱን የሚያደርሱት በእንቁላሉ ውስጥ የተዘረጉ ጥቃቅን የፕሮቲን ሐዲዶችና ተሸካሚዎች ናቸው፤ የሐዲዶቹ አቅጣጫ ደግሞ እንቁላሉ በእናቲቱ አካል ውስጥ ከጎረቤት ሕዋሳት ጋር ባለው አቀማመጥ ይወሰናል። አን ኤፍሩሲና ሩት ሌማን እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ኦስካር የተባለው የእናት ግልባጭ በተለመደው ሁኔታ በኋለኛው ጫፍ ተቀምጦ የወደፊቱ የዘር ሕዋሳት የሚፈጠሩበትን ቦታ ይወስናል፤ የሆድ ክፍል እንዲበቅልም ያደርጋል። ተመራማሪዎቹ የኦስካርን ጅራት ቆርጠው የቢኮይድን ጅራት ቀጠሉለት። ፕሮቲኑ አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው አድራሻው ብቻ ነው። ኦስካር ወደ ፊት ጫፍ ሄደ፤ ጭንቅላት መሆን በነበረበት ቦታ ሆድ በቀለ፤ የዘር ሕዋሳትም እዚያው ተፈጠሩ። ቃሉ ያው ሆኖ የተነገረበት ቦታ ሲለወጥ ሌላ አካል ሠራ። ስለዚህ “ሁሉም ጂን ነው” የሚለው መልስ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ የማን ጂን፣ መቼ የተገለበጠ፣ የት የተቀመጠ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልስ ያልፋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ቢኮይድ ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ በነፍሳት ሁሉ ልናገኘው ይገባ ነበር። የለም። ቢኮይድ የሚገኘው በአንድ የዝንቦች ጎራ ብቻ ሲሆን፣ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አንድ የቆየ ጂን ተባዝቶ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ አዲስ ሥራ ሲይዝ የተፈጠረ ነው። ጎተራችን ውስጥ የምናውቀው የዱቄት ነቀዝ የለውም፤ የወባ ትንኝም የላትም። ታዲያ ከአንድ ዝንብ የተገኘ እውቀት ስለ ነፍሳት ሁሉ ምን ሊነግረን ይችላል? መልሱ የመጣው ሌሎቹን እንቁላሎች አንድ በአንድ በመመርመር ነው። ናሶኒያ በምትባለው ትንሽ ተርብ እንቁላል ጫፍ ላይ የተቀመጠው የእናት ግልባጭ የሌላ ጂን፣ የኦርቶዴንቲክል መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘገበ። ከስሚቲያ ጋር የሚዛመደው የኪሮኖመስ እንቁላል እ.ኤ.አ. በ2015 ቺካጎ ውስጥ በኡርስ ሽሚት-ኦት ቤተ ሙከራ ሲመረመር ደግሞ፣ የጭንቅላቱን ጫፍ የሚወስነው ቀድሞ ያልታወቀ ጂን ሆኖ ተገኘና ፓኒሽ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚያው ቤተ ሙከራ የወጣው ጥናት ዝርዝሩን አሰፋው፤ በእርጥብ ግድግዳ ላይ በሚታዩት የእሳት ራት መሳይ ዝንቦች ኦድ-ፔርድ፣ በኩሌክስና በኤደስ ትንኞች ኩኮይድ፣ በወባ አስተላላፊዋ አኖፌሌስ ደግሞ ፓንጎሊን ይህን ሥራ ይሠራሉ። ጂኖቹ ዝምድና የላቸውም። የሁሉም ግልባጭ ግን ከእናት ይመጣል፤ በእንቁላሉ የፊት ጫፍም ይቀመጣል። ወንበሩ አልተነቃነቀም፤ ሹም ሽር የተካሄደው በተቀማጮቹ ላይ ነው። ይህ ለክርክሬ እንቅፋት ሳይሆን ከሁሉ የበረታው ድጋፍ ነው። መልእክቱ የተጻፈበት ጂን ቢለዋወጥም መልእክት በቦታው የማስቀመጡ ዘዴ ጸንቶ መኖሩ፣ ትርጉሙን የያዘው ቦታው መሆኑን ያሳያልና።

“ያለ እሱ ጭንቅላት የማይበቅልለት ሹም እንዴት ሊሻር ይችላል?” የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ይቀራል። የ2019ኙ ጥናት አንድ መንገድ ይጠቁማል። ኦድ-ፔርድም ፓንጎሊንም ጥንታዊ ጂኖች ናቸው፤ በፅንሱ ዕድገት ሌላ ሥራ ቀድሞም ነበራቸው። አዲስ ያገኙት በእናት አካል ውስጥ የሚሠራና ወደ ፊት ጫፍ የሚሄድ ሁለተኛ ዓይነት ግልባጭ ነው። አሮጌው ሥራ ሳይቋረጥ አዲሱ ተደርቦበታል፤ ሁለት ሹሞች ለተወሰነ ዘመን አንዱን ወንበር አብረው ይዘው ከቆዩ በኋላ የቀድሞው ሲሰናበት ጉዳት አይደርስም። ሌላው ምክንያት ረቀቅ ያለ ነው። የእናት ግልባጭ የሚሠራው በሴቶች አካል ብቻ ነው፤ ወንዱ የተበላሸውን ጂን ተሸክሞ ምንም ሳይጎዳ ለልጆቹ ያስተላልፋል። በዚህ ምክንያት የተፈጥሮ ምርጫ ወንፊት በእነዚህ ጂኖች ላይ ግማሹን ጊዜ አይነፋም፤ ለውጥ የመከማቸት ዕድል ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ቢኮይድን ከፅንሱ በራሱ ከሚሠራው መንትያው ጋር አነጻጽሮ ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚስማማ ውጤት አግኝቷል።

የእናት ስንቅ ሲነሳ ቶሎ የሚከተለው ሐሳብ እናት በሕይወቷ ያየችው የደረሰባት ሁሉ ለልጅ ይተላለፋል የሚለው ነው፤ ይህን መቀበል አልችልም። ቢኮይድ እናቲቱ ብትራብም ብትጠግብም ያው ቢኮይድ ነው። የአካባቢ ሁኔታ በእናት በኩል ወደ እንቁላል የሚገባባቸው ጠባብ በሮች መኖራቸው እርግጥ ነው። የሐር ትል እናት ራሷ ገና ፅንስ ሳለች የነበረው ሙቀትና ብርሃን እንቁላሎቿ ክረምቱን ተኝተው ማሳለፍ አለማሳለፋቸውን ይወስናል። ይህ ግን በሆርሞን የሚሠራ፣ ለአንድ ውሳኔ ብቻ የተበጀ ስልት ነው፤ ከእሱ ተነስቶ ስለ ሁሉ ነገር መናገር ማስረጃውን ከአቅሙ በላይ ማሸከም ይሆናል። ወደ ሰው ስንመጣም እንዲሁ መጠንቀቅ ይገባል። የሰው ፅንስ የራሱን ጂኖች በሰፊው ማሠራት የሚጀምረው ከአራት እስከ ስምንት ሕዋስ ሲደርስ ነው፤ እስከዚያ የሚኖረው በእናት ስንቅ ነው። በእኛ እንቁላል ውስጥ ግን ጭንቅላትንና እግርን አስቀድሞ የሚወስን እንደ ቢኮይድ ያለ ግልባጭ የለም። የመጀመሪያው ርክክብ የጋራችን ነው፤ የቦታ ድልድሉ ግን በዚያ መልክ የነፍሳት ነው።

የዚህ እውቀት ክብደት ከቤተ ሙከራ ውጭ እየታየ ነው። በዱቄት ነቀዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ሜዲያ የተባለ ጂን ተዘግቦ ነበር፤ እናት ይህን ጂን ከያዘች፣ እሱን ያልወረሱት ልጆቿ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ተመሳሳዩን በፍራፍሬ ዝንብ ሠሩት። እናቲቱ ለፅንሱ ጀርባና ሆድ መለየት የሚያስፈልገውን አንድ ግልባጭ ከስንቁ እንድታጎድል አደረጉ፤ የጎደለውን የሚሞላ ጂን ደግሞ ከዚያው ጋር አያይዘው አስቀመጡ። ጂኑን የወረሰ ልጅ በራሱ ይሞላዋል፤ ያልወረሰ ይሞታል። ጂኑም ከትውልድ ወደ ትውልድ በሙከራው መንጋ ውስጥ ተስፋፋ። ዓላማው ወደፊት በሽታ የማያስተላልፍ ትንኝ የሚያበዛ መንገድ ማግኘት ነው።

ትንኝን በሚመለከት ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። ከደቡብ እስያ የመጣችው፣ በከተማ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። በካሊፎርኒያ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሙከራ የተደረገው በዚህችው ዝርያ ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ የወባን ተሕዋስ የሚከላከሉ ጂኖችንና ራሱን እየገለበጠ ወደ አቻው ክሮሞዞም የሚገባ መሣሪያ በአንድነት አስገቡባት፤ መቁረጫው ካስ9 የተባለው ፕሮቲን ነው። ጂኑን ከአባታቸው ያገኙት ትንኞች ለልጆቻቸው ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን አስተላለፉት። ከእናታቸው ያገኙት ግን አልቻሉም። እናቲቱ መቁረጫውን ከስንቁ ጋር በእንቁላሉ ውስጥ ስላስቀመጠችው፣ ከአባት የመጣውን ክሮሞዞም ያለጊዜው ቆረጠው፤ ቁስሉ በተዛባ መልክ ተጠገነና መሣሪያው ከዚያ በኋላ የሚገባበት በር ተዘጋ። የገባው ጂን አንድ ነው፤ ትንኞቹም የአንድ ዝርያ ናቸው። በአባት መስመር ሲመጣ የውርስን ሕግ ጥሶ ያለፈው ጂን በእናት መስመር ሲመጣ፣ በእንቁላሉ ውስጥ ቀድሞ በጠበቀው ነገር የተነሳ፣ ግማሽ በግማሽ ወደሚለው ተራ ውርስ ተመለሰ።